ባሮ በክረምት
ጋምቤላን በወንዙ ሙላት ጊዜ ማየት ለነጋዴ የሚሰጠው ትምህርት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ነጋዴ፥ ጉዞውን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው በበጋ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ መንገዱ ደረቅ ነው፤ መኪናው በጭቃ አይያዝም፤ ደንበኛውም በገበያው አይታጣም። ስለዚህ ብዙ ሰው ባሮን አውቃለሁ ሲል የሚያውቀው የበጋውን ባሮ ብቻ ነው። ይኸውም አሸዋው በመካከሉ ብቅ ያለበት፥ ሕፃናት በዳርቻው የሚራጩበት፥ እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት፥ ዓሣ አጥማጁም ረጋ ብሎ መረቡን የሚጥልበት ጸጥተኛ ወንዝ ነው። ባሮን በዚህ መልኩ ብቻ ያየ ሰው፥ ጋምቤላ በአንድ ዘመን የእንፋሎት መርከቦች የሚቆሙባት ወደብ እንደ ነበረች ቢነገረው ነገሩ ተረት ሊመስለው ይችላል።

ክረምት በገባ ጊዜ ወደዚያች ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ግን ሌላ ወንዝ ያያል። አሸዋው የለም። ድንጋዩ የለም። ከዳር እስከ ዳር የሞላው ደፍራሽ ውሃ ግንድና ሣር እየገፋ፥ በዝግታ የሚሄድ እየመሰለ በታላቅ ጉልበት ወደ ምዕራብ ይጓዛል። በከተማው ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለሚመለከት መንገደኛ፥ ውሃው ሳይሆን ድልድዩ ራሱ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለዋል። የአገራችን ሰው ስለ ዓባይ ፏፏቴ፥ ስለ ሰሜን ተራራዎችና ስለ ሶፍ ዑመር ዋሻ ብዙ ሰምቷል፤ ስለ ክረምቱ ባሮ የሰማው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በንግድ ለሚተዳደር ሰው ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ የሚያስተምረው ይህ ወንዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከደጋው ወደ ቆላው

የክረምቱ ትዕይንት የሚጀምረው ከጋምቤላ ሳይሆን ከኢሉባቦር ደጋ ነው። ከአዲስ አበባ በጅማና በበደሌ አድርጎ ወደ መቱና ወደ ጎሬ የሚያደርሰው መንገድ፥ በያዮ አካባቢ የገባን ወንዝ፥ በመቱም አጠገብ የሶርን ወንዝ ይሻገራል። መንገደኛው በበጋ ሲያልፍ እነዚህን ወንዞች ልብ ሳይላቸው ይቀር ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ግን የውሃው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሶር ከመቱ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፥ ጥቅጥቅ ባለ ደን መካከል በፏፏቴ ይወርድና ከገባ ወንዝ ጋር ይገናኛል። የገባ ወንዝም ከሰሜን ከወለጋ በኩል ከሚመጣው ከብርብር ጋር ሲቀላቀል ስሙ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ባሮ ይባላል።

እንግዲህ በጋምቤላ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውሃ ጋምቤላ የዘነበ ዝናብ ብቻ አይደለም። የመቱና የጎሬ፥ የያዮና የደምቢ ዶሎ ደጋ የሰጠው ዝናብ ነው። ጎሬ በአገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት ከተሞች አንዷ ስትሆን በዓመት የምታገኘው ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ያንኑ ዝናብ የሚጠጣው ደን የቡና ደን ነው፤ የተረፈውም ውሃ ወደ ባሮ ይወርዳል። ነጋዴው ይህን በዓይኑ ባየ ጊዜ፥ ቡናውና ወንዙ የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ይረዳል።

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ ጋምቤላ ግን ከ500 ሜትር ብዙ በማይበልጥ ዝቅታ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በዚህች አጭር መንገድ ላይ መንገደኛው ጋቢውን ለብሶ ተነሥቶ፥ በሸሚዝ ብቻ ይደርሳል። በጎሬና በቡሬ ጭጋጉ መንገዱን ጋርዶ የመኪና መብራት በቀን እስኪበራ ድረስ ያስገድዳል፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ሜዳው ላይ ሲደርስ ደግሞ ሰማዩ ይሰፋል፥ አየሩ ይሞቃል፥ ሣሩም ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በግራና በቀኝ ይቆማል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ የሚጠጋበት አገር፥ በክረምት ግን ለዝልቅ እንግዳ የሚቻል ይሆናል።

ባሮ በጋምቤላ አጠገብ ጠባዩን ይለውጣል። ከከተማይቱ በላይ ወንዙ በድንጋይና በገደል መካከል እየተጋፋ የሚወርድ የደጋ ወንዝ ነው። ከከተማይቱ በታች ግን ዝንባሌው እጅግ ያነሰ፥ እየተጠማዘዘ በሜዳ ላይ የሚሄድ የቆላ ወንዝ ይሆናል። ከታች የመጣ መርከብ ከጋምቤላ በላይ መሄድ አይችልም፤ ከላይ የመጣ ጭነትም ከጋምቤላ በፊት መርከብ አያገኝም። ከተማይቱ በዚያ ስፍራ የተቆረቆረችበት ምክንያት ይኸው ነው።

የመርከቦቹ ዘመን

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከጆን ሌን ሃሪንግተን ጋር የሱዳንን ወሰን የሚመለከት ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል አራተኛ አንቀጽ፥ በባሮ ዳር በኢታንግ አካባቢ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ፥ የወንዝ ዳርቻውም ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ ቦታ ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ቦታው ለንግድ ጣቢያነት ብቻ እንዲያገለግል፥ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፥ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲሆን በውሉ ተጻፈ።

ውሉ ኢታንግን ቢጠቅስም ጣቢያው የቆመው ከዚያ በላይ በጋምቤላ ነው። ኢታንግ በሜዳው ላይ የምትገኝ፥ በክረምት ውሃ የሚያጥለቀልቃት ስፍራ ናት። ይህ ታናሽ የሚመስል ነገር ትልቅ ትምህርት አለው። ቦታውን በካርታ ላይ የመረጠው ውል ነው፤ በምድር ላይ የመረጠው ግን ክረምቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በነጭ ዓባይ ሽቅብ ሄደው፥ ከመላካል በላይ ወደ ሶባት ታጥፈው፥ ከሶባትም ወደ ባሮ ገብተው ጋምቤላ ይደርሱ ጀመር። ይህ የውሃ መንገድ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መርከቦቹ በእንጨት የሚነድዱ፥ ሆዳቸው ሰፊና ጥልቀት የማይሹ፥ የጭነት ጀልባዎችን በጎንና በፊት አሥረው የሚሄዱ ነበሩ። ከኢትዮጵያ ቡና፥ ሰምና ቆዳ ይጭናሉ፤ ወደ ኢትዮጵያ ደግሞ ጨው፥ የጥጥ ጨርቅና ልዩ ልዩ የፋብሪካ ዕቃ ያመጣሉ። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች በጋምቤላና በጎሬ መደብር ከፍተው ነበር። በጊዜው ጎሬ የምዕራብ ኢትዮጵያ የንግድ ማዕከል ለመሆን የበቃችው በዚህ ወንዝ ምክንያት ነው።

ጣቢያው ብዙ መከራ አይቷል። በጣልያን ወረራ ዘመን አካባቢው በጠላት እጅ ገባ። በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የመጡ የቤልጂግ ኮንጎ ወታደሮች ጋምቤላን ከጣልያን አስለቀቁ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. በዚያ ግንባር የነበረው የጣልያን ጦር በሳዮ፥ ማለት በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ እጁን ሰጠ። ሱዳን በታኅሣሥ ወር 1948 ዓ.ም. ነጻነቷን ባወጀች ጊዜ የኪራዩ ዘመን በውሉ መሠረት አበቃ፤ በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች።

መርከቦቹ ከዚያም በኋላ ለጊዜው አልቀሩም ነበር። ነገር ግን በደቡብ ሱዳን የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት የውሃውን መንገድ አወከው። በወዲያኛው በኩል ደግሞ የአገር ውስጥ መንገዶች ስለ ተሠሩ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ፊቱን ወደ አዲስ አበባና ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች አዞረ። በዚህ ሁኔታ የመርከቡ ንግድ ቀስ በቀስ ተቋረጠ።

ሁለት በሮች በአንድ ጊዜ የማይከፈቱበት ገበያ

ባሮን በክረምት የሚያይ ነጋዴ ከሁሉ በላይ ሊያስብበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። በበጋ መንገዱ አለ፥ ወንዙ የለም፤ በክረምት ወንዙ አለ፥ መንገዱ የለም። የጋምቤላ ንግድ ታሪክ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ይገኛል።

የቡና መልቀሚያ ወራት ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። የተለቀመው ቡና ደርቆ ተፈልፍሎ ለገበያ የሚደርሰው፥ ዝናቡ አልፎ መንገዱ በሚደርቅበት ወቅት ነው። በድሮ ዘመን ቡናው በአጋሰስና በሰው ጫንቃ ከደጋው ወርዶ ጋምቤላ የሚገባው በእነዚህ ደረቅ ወራት ነበር። ቁልቁለቱ ከባድ ነው፤ በቆላውም ገንዲ የሚባለው የከብት በሽታ ስላለ የጭነት ከብቱ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ መመለስ ነበረበት። ቡናው ጋምቤላ ሲደርስ ግን ባሮ ጎድሏል። መርከብ የሚመጣው ውሃው በሚነሣበት በሰኔ አካባቢ ነው።

እንበል፥ አንድ ነጋዴ በታኅሣሥ ወር 100 ፈረሱላ፥ ማለት 1,700 ኪሎ ቡና በጥሬ ገንዘብ ገዛ። ያ ገንዘብ እስከ ሰኔ ድረስ በመጋዘን ውስጥ ተኝቶ ይከርማል። በዚህ ስድስት ወር ውስጥ ቡናው እርጥበት እንዳይገባው፥ ተባይ እንዳያገኘው፥ እሳት እንዳይነካው መጠበቅ አለበት። የመጋዘን ኪራይ አለ፤ የዘበኛ ደመወዝ አለ፤ ገንዘቡን ተበድሮ ከሆነ ደግሞ ወለድ አለ። በዚያው ጊዜ የዓለም ገበያ ዋጋ ሊወርድ ይችላል። መርከቡ መጥቶ ቦታ ያጣ እንደ ሆነ ሌላ መርከብ ይጠብቃል፤ ሙላቱ ካለፈበት ግን ዓመት ይጠብቃል። የመርከብ አዛዡም ቢሆን ያለ ሥጋት አልነበረም፤ የመጨረሻው መርከብ ውሃው ሳይጎድል ካልወጣ፥ በአሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚመጣውን ክረምት ከመጠበቅ በቀር ሌላ ተስፋ አይኖረውም።

ስለዚህ በጋምቤላ ያተረፈ ነጋዴ ያተረፈው ርካሽ ስለ ገዛ ወይም ውድ ስለ ሸጠ ብቻ አይደለም። ወራቱን ስለ ቆጠረ ነው። የንግድ ሥራ ዋናው ዕቃ ጊዜ መሆኑን ባሮ ከማንም መምህር ይልቅ አጥርቶ ያስተምራል። ዛሬም ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ሰው፥ የውጭ ምንዛሪ የሚፈቀድበት ቀንና መርከቡ ጂቡቲ የሚደርስበት ቀን ሳይገጣጠሙ ቀርተው ገንዘቡ ታስሮ ሲከርም፥ የደረሰበት ችግር ከድሮው የጋምቤላ ነጋዴ ችግር የተለየ አይደለም። ሁለት በሮች አሉ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ብልኅ የሚባለው፥ በተዘጋው በር ፊት ሳያዝን፥ የሚከፈትበትን ቀን አውቆ የተዘጋጀ ሰው ነው።

ውሃው የሚሄድበት

የባሮ ሙላት ከግንቦትና ከሰኔ ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በነሐሴና በመስከረም ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል፤ በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ እጅግ ይጎድላል። በጋምቤላ በኩል በዓመት የሚያልፈው ውሃ በአማካይ 13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከዚህም ውስጥ ብዙው የሚያልፈው በእነዚያ በጥቂቶቹ የክረምት ወራት ነው። ከጋምቤላ በታች ወንዙ ይህን ሁሉ ውሃ በአንድ መስመር መያዝ ስለማይችል ዳርቻውን አልፎ በሜዳው ላይ ይፈስሳል። ከፊሉም ወሰን ተሻግሮ ማቻር በሚባለው ታላቅ ረግረግ ውስጥ ይቀራል። የተረፈው ከፒቦር ወንዝ ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል። ሶባት በሙላቱ ጊዜ የሚያመጣው ነጣ ያለ ደለል ለነጭ ዓባይ ስሙን እንዳሰጠው ይነገራል። ይህ ከሆነ፥ ነጭ ዓባይ ስሙን ያገኘው ከኢትዮጵያ አፈር ነው ማለት ነው።

በወንዙ ዳር የሚኖረው ሕዝብ የሙላቱን ጠባይ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። አኙዋዎች ውሃው ሲሸሽ ጥቁር ደለል ለብሶ በሚቀረው ዳርቻ ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ያ መሬት ማዳበሪያ አይሻም። ኑዌሮች ደግሞ በክረምት ከብቶቻቸውን ከፍ ወዳለው መሬት ያወጣሉ፤ በበጋ ሣሩን ተከትለው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። ሁለቱም የሕይወታቸውን ሥርዓት ያቆሙት ወንዙን በመቃወም ሳይሆን ወራቱን በማወቅ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የተሠራች ጠባብ ታንኳ በዚያ ደፍራሽ ውሃ ላይ በአንድ ሰው ስትቀዘፍ ያየ የከተማ ሰው፥ ዕውቀት ማለት በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ እንዳልሆነ ይገነዘባል።

የዱር አራዊቱም እንዲሁ ናቸው። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ነጭ ጆሮ ባለው ቆርኬ የታወቀ ነው። ይህ እንስሳ ከደቡብ ሱዳን ጋር ወሰን ሳያግደው፥ ዝናቡንና ሣሩን እየተከተለ በብዙ መንጋ ይመላለሳል። እንስሳቱን ለማየት የሚሻ ጎብኝ ግን የበጋውን ወራት መምረጥ አለበት፤ በክረምት የፓርኩ ብዙ ክፍል ረግረግ ስለሚሆን መኪና አይገባበትም። በክረምት የሚታየው ወንዙ ነው፤ በበጋ የሚታየው አራዊቱ ነው። እዚህም ላይ ሁለቱ በሮች በአንድ ጊዜ አይከፈቱም።

ሙላቱ የሚያስከፍለው ዋጋ

ስለ ባሮ ውበት የሚናገር ሰው ስለሚያደርሰው ጉዳት ዝም ቢል እውነቱን ከፍሎ እንደ ተናገረ ይቈጠራል። በ2014 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ባሮና ሌሎች የክልሉ ወንዞች ከመጠን በላይ ሞልተው የጋምቤላን ከተማ ጨምሮ ብዙ ወረዳዎችን አጥለቀለቁ። ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ፤ ማሳ በውሃ ተዋጠ፤ ከብት አለቀ። ለብዙ ዓመታት የተጠራቀመ የሱቅ ዕቃ በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት፥ ሱቁን ብቻ ሳይሆን በዱቤ ዕቃ የሰጠውን ጅምላ ሻጭና ዱቤ የወሰደውን ደንበኛም አብሮ ይጎዳል።

ክልሉ ከዚህም ሌላ ሸክም አለበት። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ ወር 2003 ዓ.ም. ነጻ አገር ከሆነች በኋላ፥ በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ምክንያት እጅግ ብዙ ስደተኛ ወሰን ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ ገባ። በኢታንግና በፑኝዶ አካባቢ የተቋቋሙት የመጠለያ ሰፈሮች ከብዙ ከተሞች የሚበልጥ ሕዝብ የያዙ ናቸው። ይህ ሁሉ ሕዝብ እህል፥ ጨው፥ ሳሙና፥ ዘይትና ልብስ ይፈልጋል። በክረምት መንገዱ በጭቃና በውሃ በሚቆረጥበት ጊዜ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋ ይወጣል። ዋጋው ሲወጣ መጀመሪያ የሚራበው ድኻው ነው፤ ቀጥሎ ግን ስሙ የሚነሣው ነጋዴው ነው። ዕቃውን ከክረምት በፊት አስገብቶ በተገቢ ትርፍ የሚሸጥ ነጋዴ የአገሩን ሰው ከችግር አውጥቶ የራሱንም ስም ይጠብቃል። መንገዱ እስኪቆረጥ ጠብቆ ዋጋ የሚያናር ግን የአንድ ክረምት ትርፍ አግኝቶ የብዙ ዓመት ደንበኛ ያጣል።

በክረምት ለሚሄድ ሰው የሚጠቅም ምክር

ጋምቤላን በክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ለማየት የሚያስብ ነጋዴ ጥቂት ነገሮችን አስቀድሞ ቢያሰናዳ ይጠቀማል።

አንደኛ፥ ጊዜን በልግስና ይመድብ። በበጋ በሁለት ቀን የሚያልቅ የመኪና ጉዞ በክረምት ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ቁልቁለቱን በጭጋግና በሌሊት መውረድ አይገባም። በአውሮፕላን የሚሄድም ቢሆን የአየሩ ጠባይ በረራ ሊያዘገይበት ስለሚችል፥ ቀጠሮውን በመድረሻው ዕለት አያድርግ።

ሁለተኛ፥ ጤናውን ይጠብቅ። አገሩ ወባ ያለበት ነው፤ ውሃው ካለፈ በኋላ ደግሞ ትንኙ ይበዛል። ከመነሣቱ በፊት ሐኪም ማማከር፥ አጎበር መያዝ፥ ማታ ማታ እጀ ረጅም ልብስ መልበስ ያስፈልጋል። በወንዙ ውስጥ አዞ ስላለ፥ ውሃውም ኀይለኛ ስለሆነ፥ መዋኘትና በዳርቻው መቆም የሚቻልበትን ስፍራ ያገሩን ሰው ሳይጠይቁ መድፈር አይገባም። በክረምት የወንዙ ዳርቻ ከሥር ተሸርሽሮ ከላይ ደህና ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛ፥ ዕቃ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ስለ አያያዙ ያስብ። ጨው፥ ስኳር፥ ሲሚንቶና ዱቄት እርጥበት ጠላታቸው ነው። በሸራ መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ ከሥር ከመሬት ከፍ አድርጎ በእንጨት ላይ መደርደር ያስፈልጋል። በጋምቤላ መጋዘን የሚከራይም ሰው የቤቱን ጣሪያ ብቻ አይመልከት። ያለፈው ሙላት ውሃ በግድግዳው ላይ የት ድረስ እንደ ደረሰ ጎረቤቱን ይጠይቅ። ቤቱ በበጋ ሲታይ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ኪራዩም ርካሽ ሊሆን ይችላል። ርካሽ የሆነበትን ምክንያት የሚናገረው ግን ክረምቱ ነው።

አራተኛ፥ ከገበያው ጋር ይተዋወቅ። በክረምት የገበያው ግርግር ይቀንሳል፤ ሻጩም ገዢውም ለጨዋታ ጊዜ ያገኛል። በበጋ በችኮላ «ስንት ነው?» ተባብሎ የሚለያይ ሰው፥ በክረምት ዝናቡ እስኪያባራ በአንድ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። ብዙ የረጅም ጊዜ ደንበኝነት የሚጀመረው በእንዲህ ያለ ሰዓት ነው።

ወደ ፊት ምን ይታሰባል?

ባሮን በሙላቱ ጊዜ ያየ ሰው ሁሉ «ይህ ውሃ ለምን በከንቱ ያልፋል? መርከቡ ለምን አይመለስም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በወንዙ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የውሃው መንገድ በደቡብ ሱዳንና በሱዳን በኩል የሚያልፍ እንደ መሆኑ መጠን፥ በሁለቱም አገሮች ሰላም ይሻል። በደቡብ ሱዳን ሰላሙ አልጸናም፤ በሱዳንም ከሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት ተነሥቶ ካርቱምን ራሷን አውድሟል። ከሰላሙም ሌላ የመርከቡን መስመር ከግንድና ከደለል ማጽዳት፥ ምልክት ማቆም፥ የጉምሩክ ስምምነት መፈጸም ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ቢፈጸም እንኳ መርከቡ የሚሄደው በዓመት ውስጥ በጥቂት ወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ተስፋ ላይ ገንዘቡን የሚያፈስስ ነጋዴ ቢኖር ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ነገር ግን የውሃው መንገድ ለጊዜው ስለ ተዘጋ ወንዙ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በአቦቦ በአልዌሮ ወንዝ ላይ የተሠራው ግድብ የቆላው ውሃ ለእርሻ ሊውል እንደሚችል ያሳያል። ዓሣው አለ፤ ማንጎው አለ፤ ሰሊጡና ጥጡ በዚያ መሬት ይበቅላል። የዓሣ ማቀዝቀዣ፥ የፍራፍሬ ማሸጊያና ደህና መጋዘን በመልካም ቦታ ላይ ቢቆሙ ያገሩ ሰውም ነጋዴውም ይጠቀማሉ። መልካም ቦታ የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ወንዙን በሁለቱም ወቅት ማየት ግድ ነው።

በበጋ ብቻ አይቶ የሠራ ሰው ሕንጻውን በወንዙ መኝታ ላይ ሊሠራ ይችላል። በክረምት ብቻ አይቶ የፈረደም ሰው አገሩ ሁሉ ውሃ ነው ብሎ ፈርቶ ሊመለስ ይችላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ባሮ የሚጎድልም የሚሞላም ወንዝ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዞ ሒሳብ የሚሠራ ነጋዴ ሒሳቡ አይወጣለትም። እስከ ዛሬ ድረስ ጋምቤላን በበጋ ብቻ የሚያውቅ የንግድ ሰው እንግዲህ በሚመጣው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ጥቂት ቀን አትርፎ፥ ቁልቁለቱን ወርዶ፥ በዚያ ድልድይ ላይ አንድ ሰዓት ቢቆም ያጠፋው ጊዜ አይቈጨውም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ፥ እስከ የት እንደሚደርስና መቼ እንደሚመለስ በልቡ ይዞ ይመለሳል፤ ይህም በደብተሩ ላይ የሚጻፍ ትርፍ ባይሆን እንኳ ከኪሳራ የሚያድን ዕውቀት ነው።